ልጄን ከቅዳሜው ጅምናስቲክ ወደ ተወዳዳሪ ቡድን ላሻግራት? ከከተማ ዳር ያላችሁ ምን ትላላችሁ?

የጣፎዋ እናት

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሚት አካባቢ ያለ አዳራሽ ውስጥ ጅምናስቲክ ትሰራለች። ያስገባኋት ጉልበቷን የምታወጣበት ቦታ ፍለጋ ነበር። ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ትገለበጣለች፣ ኮሪደሩን በእጇ ትሄዳለች። ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ስሞታ ይዘው መጥተው ያውቃሉ።

አሰልጣኟ ሰሞኑን ጠርቶኝ «ይቺ ልጅ እዚህ መቆየት የለባትም፣ ተወዳዳሪ ቡድን ትግባ» አለኝ። ቡድኑ የሚሰራው ስታዲየም አካባቢ ነው። ከሰኞ እስከ አርብ፣ ከ11 ሰዓት እስከ 1 ተኩል። ክፍያው አሁን ከምከፍለው ሦስት እጥፍ ነው። እሷ ይህን ከሰማች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። አባቷ ደግሞ «ጅምናስቲክ የት ሊያደርስ?» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። እኔ መሃል ላይ ነኝ።

ከትምህርት ቤት የምትወጣው 9 ተኩል ነው። ከጣፎ አያት፣ ከአያት ስታዲየም ያለውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እዚህ ውስጥ ያለፈ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ቱሉ ዲምቱ ነኝ

እህቴ፣ ሳልሸነግልሽ ልንገርሽ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ኦሎምፒክ ላይ ሜዳሊያ ያገኘችው በአትሌቲክስ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ብር ከምታፈሺ የሒሳብ አስጠኚ ቅጠሪላት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትዝለል፣ ይበቃታል። ደግሞ ጅምናስቲክ ቁመት ያስቀራል ይባላል። ባልሽ እውነቱን ነው።

የመንታዎች አባት

ቱሉ ዲምቱ፣ ወንድሜ፣ ሜዳሊያ ማን አነሳ? ልጅቷ ገና ሁለተኛ ክፍል ብትሆን ነው።

የጣፎዋ እናት፣ እኛ ጀሞ ነን። መንታ ወንዶች አሉኝ። ሁለቱም አንድ ቡድን አብረው ገቡ። አንዱ እስካሁን አለ፣ አንዱ ብዙም ሳይቆይ ወጥቶ አሁን ኳስ ይጫወታል። ልዩነቱ የሰዓት ብዛት ብቻ እንዳይመስልሽ። የቅዳሜው ክፍል ላይ ልጅ ይዝናናል። ዛሬ ካርትዊል (በእጅ ወደ ጎን መሽከርከር)፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትራምፖሊን፣ መጨረሻ ላይ አባሮሽ። ቡድን ሲገቡ ግን መጀመሪያ አካባቢ አንድም መገለባበጥ አላየሁም።

ያየሁትን ልንገርሽ። ልጆቹ በጀርባቸው ይተኛሉ። ወገባቸው መሬቱን እንደነካ እግራቸውንና ትከሻቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ይቆያሉ። ሆዳቸው ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታያል። ከዚያ ተገልብጠው በሆዳቸው ያንኑ። ከዚያ ደረታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው በእጅ መቆም። ክርን አይታጠፍም፣ ወገብ አይሰበርም፣ የእግር ጣት ወደ ላይ ይዘረጋል። አሰልጣኙ ቁርጭምጭሚታቸውን ሳብ ያደርግና «ግፋ፣ መሬቱን ግፋ» ይላል። ይወርዳሉ። እንደገና ይወጣሉ። ኳስ የሄደው ልጄ «አባ፣ ይሄማ ቅጣት ነው» ብሎኝ ነው የወጣው። ወንድሙ ግን ማታ ቤት ገብቶም በሩ ላይ ተደግፎ ይሰራዋል፣ ማንም ሳያዘው።

ስለዚህ ልጅሽ የምትወደው ግልብጡን ነው ወይስ መደጋገሙን? እሱን ለማየት አንድ ሁለት ቀን ቡድኑ ጋ ወስደሽ አስሪያት። ሳትከፍዪ። እሺ የማይል ቡድን ከሆነ ራሱ መልስ ነው።

ሰርከስ ቤት ያደገ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አክሮባት ነበርኩ። አሁን አስኮ በኩል ልጆች አሰለጥናለሁ።

«የት ያደርሳል» ለሚለው መጀመሪያ። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፣ ከዚያ ጅማ፣ መቀሌ፣ ናዝሬት እያለ ተዛመተ። ፍካት ሰርከስ በ2004 እ.ኤ.አ. መጣ። ከነዚህ ቤቶች የወጡ ልጆች ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ መድረክ ላይ እንጀራቸውን ይበላሉ። እዚህ አገር መገለባበጥ የሚችል ልጅ የት ይደርሳል ብሎ ለሚጠይቅ አንዱ መንገድ ይሄ ነው። ሁሉም ይደርሳል አላልኩም።

ግን ሰርከስና ጅምናስቲክ ዘመድ ይሁኑ እንጂ አንድ አይደሉም። ሰርከስ ላይ ተመልካቹ ካጨበጨበልህ ሥራህ ተሳክቷል። ጅምናስቲክ ላይ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ዳኛው ጉልበትህ ስለታጠፈ ይቀንስብሃል። ልጅቷ መታየት የምትወድ ከሆነች ሰርከስም አለ በሉ፣ አትናቁት።

አሁን ወደ አዳራሹ። እህቴ፣ ስትሄጂ ጫማሽን አውልቀሽ ፍራሹ ላይ ቁሚ። ተረከዝሽን ጠበቅ አድርገሽ ርገጪው። ሲሚንቶው ከተሰማሽ ፍራሹ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ ፍራሾቹ የሚጋጠሙበትን እዪ። ክፍተት ካለ የልጅ ቁርጭምጭሚት እዚያ ነው የሚገባው። የውድድር ወለል 12 ሜትር በ12 ሜትር ሆኖ ከሥሩ ስፕሪንግ አለው። እኛ ጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰራው ሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ስፖንጅ ነው፣ ስለዚህ የዝላዩን ቁጥር መቀነስ የአሰልጣኙ ኃላፊነት ነው። ሕፃን ልጅን በቀጭን ፍራሽ ላይ አርባ ጊዜ ባክ ሃንድስፕሪንግ (ወደ ኋላ በእጅ መገልበጥ) የሚያሰራ ሰው ካየሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።

ቢም (ሚዛን ጠብቀው የሚሄዱበት ጠባብ እንጨት) ካላቸው ደግሞ ትንንሾቹ የት እንደሚጀምሩ እዪ። ትክክለኛው ቢም 5 ሜትር ይረዝማል፣ ከመሬት 125 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጤነኛ አሰልጣኝ መጀመሪያ ወለሉ ላይ በተሰመረ መስመር ያስኬዳል፣ ከዚያ መሬት ላይ በተቀመጠ ቢም፣ ከዚያ ነው ከፍ የሚያደርገው።

አወዳደቅም ጠይቂያቸው። «መውደቅ ታስተምራላችሁ?» በይ። ከሳቁብሽ እነሱ ራሳቸው አያውቁትም።

ጋሽ መምህር

ልጆች፣ ዕድሜዬን በስፖርት መምህርነት የጨረስኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሱሉልታ ነኝ። በጽሑፍ ብዙ አልጎብዝም፣ ግን ይቺን ልበል።

«አሁን ካልገባች ያመልጣታል» የሚል አሰልጣኝ ሲያጋጥማችሁ ረጋ በሉ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሩማኒያዊቷን ናድያ ኮማነቺን ነው። በ1976 ሞንትሪያል ላይ 10 ከ10 ስታገኝ 14 ዓመቷ ነበር። ያ ዘመን አልፏል። ከ1997 ወዲህ ሴት ልጅ ኦሎምፒክ ላይ ለመወዳደር በዚያው ዓመት 16 የሚሞላት መሆን አለባት። አሜሪካዊቷ ሲሞን ባይልስ በ2024 ፓሪስ ላይ ሦስት ወርቅ ስትወስድ 27 ዓመቷ ነበር። የኡዝቤኪስታኗ ኦክሳና ቹሶቪቲና ቶኪዮ ላይ 46 ሞልቷት ተወዳድራለች፣ የልጅ እናት ሆና። በ8 ዓመት የሚያመልጥ ባቡር የለም።

የነጥቡም አሰጣጥ ተለውጧል። ከ2006 ጀምሮ ሁለት ነጥብ ነው የሚደመረው። አንደኛው ለሥራው ክብደት ነው። ሁለተኛው ለአሠራሩ ነው፣ ከ10 ይነሳና ጥፋት በተገኘ ቁጥር እየተቀነሰ ይወርዳል። መውደቅ ብቻውን 1 ሙሉ ነጥብ ይወስዳል። ልጅ ከባድ ነገር ቶሎ ብትሰራና ብታበላሸው ትርፉ ያን ያህል ነው። የመንታዎቹ አባት ያየው አሰልቺ ልምምድ ለዚህ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ለሚለው ልጄ ደግሞ፣ የ2024ቱን ፓሪስ ተመልክተህ እንደሆነ ካይሊያ ነሙር ለአልጄሪያ በባር (ከፍና ዝቅ ብለው በተተከሉ ሁለት ዘንጎች) ወርቅ ወስዳለች። ለአፍሪካ በጅምናስቲክ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው። ተወልዳ የሰለጠነችው ፈረንሳይ አገር መሆኑን ግን አብሬ እናገራለሁ። ወለል፣ ሐኪም፣ ባለሙያ ባለበት ነው ያደገችው። እኛ ገና ነን።

የጣፎዋ እናት

ጋሽ መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ የርስዎን ለባለቤቴ አነበብኩለት። «46 ዓመት?» ብሎ ደግሞ አስነበበኝ።

የመንታዎች አባት፣ የጠየቅከው ጥያቄ አሳሰበኝ። እስካሁን ያየኋት ሰው ሲያያት ነው። ማንም ሳያያት ስትደጋግም አላስተዋልኩም። ልከታተላት።

ፊዚዮ ከሳሪስ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስፖርት የሚሰሩ ልጆች ይመጡልኛል።

መጀመሪያ የቁመቱን ነገር እንጨርስ። ጅምናስቲክ ቁመት ያስቀራል የሚለው ጥናት ያረጋገጠው ነገር አይደለም። አጭር ሰው ለመገለባበጥ ይመቸዋል፣ ስለዚህ እላይ የሚደርሱት አጫጭሮቹ ናቸው። ቅርጫት ኳስ ሰውን እንደማያስረዝመው ሁሉ ይህም አያሳጥርም። ምግብ እየከለከሉ ማሰልጠን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ እድገትም ያዘገያል፣ አጥንትም ያሳሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ የእጅ አንጓ ነው። የልጅ አጥንት ጫፉ አካባቢ ገና እያደገ ያለ ለስላሳ ክፍል አለው። ጅምናስቲክ ላይ እጅ የእግርን ሥራ ይሰራል፣ ሙሉ ክብደት ይሸከማል። ልምምድ ሲበዛ ያ ክፍል ይቆጣል። ምልክቱ ቀላል ነው። ልጅቷ ከመሬት ስትነሳ መዳፏን ትታ በጡጫዋ ወይም በክርኗ ከተደገፈች፣ ወይም ሕመሙ አድሮ በማግስቱ ካለ፣ ልምምዱ ይቁም። እባካችሁ ወጌሻ ጋ ወስዳችሁ አታሳሹት። በማሸት የሚድን ነገር አይደለም። ዕረፍትና ምርመራ ነው የሚፈልገው። ተረከዝም እንደዚያው። ወደ ኋላ በተለጠጠች ቁጥር ወገቧን የሚያማት ልጅ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ሐኪም ትያት።

ሰዓቱን እንቁጠር። ከ11 እስከ 1 ተኩል በአምስት ቀን 12 ሰዓት ተኩል ይመጣል። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት መለኪያ አለ፣ የሳምንቱ የስልጠና ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ የሚል። 8 ዓመት ከሆነች 8 ሰዓት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ዕረፍት፣ በዓመት ውስጥም አንድ አንድ ወር እየተደረገ በድምሩ ሦስት ወር ከዋናው ስፖርት ፈቀቅ ማለትን ይመክራል። ሦስት ቀን ብትሄድ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ስለ ሦስት ቀን ጠይቂ።

መንገዱንም ጨምሪበት። 1 ተኩል የጨረሰች ልጅ ጣፎ ስንት ሰዓት ትደርሳለች? ራቷን በልታ፣ የቤት ሥራዋን ሰርታ ስንት ሰዓት ትተኛለች? እንቅልፍ ያልጠገበ ልጅ ነው በብዛት የሚጎዳው።

ሀያት ከቡራዩ

እኔ ልጄን ያስቀረሁት በልብሱ ምክንያት ነበር። በኋላ ነው ያወቅኩት፣ ሕጉ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሙሉ ልብስ ይፈቅዳል። የጀርመን ሴቶች ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ያንን ለብሰው ነው የተወዳደሩት። አሁን ልጄ በረጅም ታይትና ከላይ ሰውነቷ ላይ ልክክ በሚል እጅጌ ረጅም ቲሸርት ትሰራለች። ሰፊ ልብስ ግን አይሆንም። ስትገለበጥ ፊቷ ላይ ይመጣል፣ የሚደግፋት አሰልጣኝ እጅም ይጠላለፍበታል። ይህን ለሚያስቡ እናቶች ብዬ ነው።

የሰበታ እናት

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የልጆቻችን አካል በሰው እጅ ነው የሚደገፈው። የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን ያክም የነበረው ላሪ ናሳር በ2018 ሲፈረድበት ከ150 በላይ ሴቶች ፍርድ ቤት ቀርበው በደሉን ተናግረዋል። እሱ የተመሰገነ ሐኪም ነበር። እኔ ሰውን ሁሉ እጠረጥራለሁ ማለቴ አይደለም፣ ደጋፊ እጅ ከሌለ ልጅ ትሰበራለች። ግን በሩ ክፍት ይሁን፣ ወላጅ ቁጭ ብሎ የሚያይበት ወንበር ይኑር፣ አሰልጣኝና ልጅ ብቻቸውን አይሁኑ።

እኛ የነበርንበት ቦታ «ወላጅ ሲኖር ልጆች ይበታተናሉ» ብለው ከደጅ መለሱን። ሰንበት ብሎ ልጄ ማታ እንጀራ መብላት ተወች። ለካ አሰልጣኟ በጓደኞቿ ፊት «እንጀራ ቀንሺ፣ ከብደሻል» ብላታለች። 10 ዓመቷ ነው! በማግስቱ አልተመለስንም። ሜዳሊያውም ይቅር።

ሰርከስ ቤት ያደገ

የሰበታ እናት ያለችው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። ድጋፍ ሲሰጥ አንዱ እጅ ታችኛው ጀርባ ላይ፣ አንዱ ከታፋ ሥር ነው። የሚደረገውን ቀድሞ ለልጅቷ መንገር ደግሞ ግዴታ ነው፣ «አሁን ጀርባሽን እይዛለሁ» ተብሎ። ስፕሊት (እግርን እስከ መሬት መክፈት) ላይ ትከሻዋ ላይ ተቀምጦ የሚጫን አሰልጣኝ ካያችሁም ያ የድሮ ሥራ ነው። እኛን እንደዚያ ነው የሰሩን። ዛሬ ዳሌያቸውን የሚያማቸው ጓደኞች አሉኝ።

ቱሉ ዲምቱ ነኝ

እሺ የቁመቱን ተቀበልኩ። የብሩን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ክፍያው፣ ትራንስፖርቱ፣ አብሮ የሚሄደው ሰው ሥራ ፈትቶ። ይሄ ተደምሮ የአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

የመንታዎች አባት

ይሄ እውነት ነው። ወርሃዊው ክፍያ ትንሹ ነው። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ ቀድሜ እወጣለሁ፣ ባለቤቴ አንድ ቀን። ታክሲው ሜክሲኮ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ራይድ እንጠራለን፣ የወሩ በጀት እዚያ ላይ ይናጋል። የውድድር ልብስ ይመጣል። ውድድር ክፍለ ሀገር ከሆነ የመኝታ ይመጣል። እህቴ፣ ከመመዝገብሽ በፊት «በዓመት ስንት ውድድር አለ፣ የት ነው፣ ማን ይከፍላል» ብለሽ ጠይቂና ወረቀት ላይ አስፈሪው። «እሱ ቀስ ብሎ ይታያል» ካሉሽ አንቺ ነሽ የምትከፍዪው።

የጣፎዋ እናት

ቤተሰብ፣ ሄደን አየን። አባቷም መጣ፣ ቅር እያለውም ቢሆን።

ፍራሹን በተረከዜ ረገጥኩት። ጥጉ ላይ አንዱ አልቋል፣ ሌላው ደህና ነው። ወላጅ የሚቀመጥበት አግዳሚ አለ። መውደቅ ታስተምራላችሁ ስል አሰልጣኟ ሳትስቅ አንዲቷን ልጅ ጠርታ አሳየችኝ። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ ሳትሰድ አገጯን ደረቷ ላይ ለጥፋ ተንከባለለች። የኔዋን ግድግዳው ላይ በእጇ አቆሟት። ወገቧ ጎበጠ፣ ወረደች። እንደገና ወጣች። ሦስተኛው ላይ አሰልጣኟ ሌላ ልጅ ልታርም ዞር ስትል እሷ ብቻዋን አራተኛ ወጣች። አባቷ ነው መጀመሪያ ያየው። በክርኑ ነካ አደረገኝ፣ ምንም አላለም።

የተስማማነው በሦስት ቀን ነው። አሰልጣኟ በግልጽ ነገረችን፣ የሦስት ቀን ልጅ ከአምስት ቀን ልጆች ጋር እኩል ለውድድር አትሰለፍም። ይሁን አልን። ብሩን በተመለከተ አባቷ አሁንም ከቱሉ ዲምቱ ጋር ነው (እናንተ ሁለታችሁ ብትተዋወቁ ጥሩ ነበር)። ስለዚህ መጀመሪያ ሐምሌና ነሐሴን ብቻ ነው የምንከፍለው። ትምህርት ስለሌለ ስልጠናው ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ትገባለች። መስከረም ላይ በማታው መንገድ መቀጠሏን ያኔ እናየዋለን። የሰሚቱን ቅዳሜ ግን አላቋርጥም፣ ጓደኞቿ እዚያ ናቸው።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ባለፈው ዓመት ሙሉውን ጾማለች፣ ዘንድሮም እጾማለሁ ብላለች። እና ደግሞ ከአያት በኩል ጠዋት ወደ ስታዲየም ልጅ የሚያደርስ ሰው አለ?

ፊዚዮ ከሳሪስ

ብትጾም እኔ አልቃወምም፣ ግን ባዶ ሆዷን አትገለባበጥ። ቅዳሴ ቆይታ ምንም ሳትቀምስ ስልጠና መሄድ የለም። ማዞር ቢጀምራት እጇ ሲከዳት ነው የምታውቂው። ወይ በነዚያ ሁለት ሳምንታት የስልጠናውን ሰዓት ከበላች በኋላ አድርጊው፣ ወይ የምትለጠጥበትና ቀለል ያለ ነገር የምትሰራበት ሳምንት ይሁን። የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ፣ ለልጅ የሚሉት አያጡም። ሽሮና ምስር እጥፍ አድርጊላት፣ ለውዝና ሱፍ ጨምሪ። ከጾሙ ውጭ ደግሞ ከስልጠና በፊት ሙዝና ዳቦ በእንቁላል፣ ቦርሳዋ ውስጥ ቆሎ። ውሃ አትርሺ፣ ልጆች ብርድ ሲሆን አይጠጡም።

አያት ዞን ሁለት

የጣፎዋ እናት፣ የኔ ልጅ ከአምስት ቀኖቹ አንዷ ናት፣ 11 ዓመቷ ነው። እኔ ጠዋት በባቡር ነው የማደርሳት፣ ሥራዬ ለገሀር ስለሆነ መንገዴ ነው። ባቡሩ ሞልቶ የሚያልፍበት ቀን አለ፣ ያን ጊዜ በመገናኛ ታክሲ እንሄዳለን፣ ስለዚህ ቀደም ብለን ነው የምንነሳው። በሦስቱ ቀን ልጅሽን አያት ፌርማታ ብታደርሺልኝ ሁለቱን አብሬ እወስዳለሁ። መመለሻው ላይ ግን አልችልም፣ እሱን አንቺ ወይ አባቷ ያዙት። ከመጀመራችን በፊት አንድ እሁድ ልጆቹ ይተዋወቁ፣ እኔንም እዪኝ። ስልኬን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። የዝናብ ልብስና ቅያሪ ካልሲ ያዢላት፣ አዳራሹ በር ላይ ሐምሌን ሙሉ ውሃ ይቋጥራል።